ማኅተሙ ሳይነካ

ከታሸገው ክፍል ውስጥ የተሰማውን ማስነጠስ ተከትሎ «ይማርህ» የሚል ሰው ሳይገኝ፣ ፖሊካርፕ ትሩሶ ደረጃውን እስከ ግማሽ በርሮ ወርዶ ነበር። አንዱን የእንጨት ጫማ ላይኛው ፎቅ ጥሎታል፤ ቀይ ቆቡ ዓይኑ ላይ ወርዷል፤ የገመጣት ዳቦ በእጁ እንደ ጩቤ ተጨብጣለች። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን ከምን እንደሚሸሽ እንጂ ወዴት እንደሚሸሽ አለማሰቡ ገባው። ታች፣ የግቢው በር ላይ፣ ባለጦሩ ኒኬዝ ቆሟል። የማኅተም ጠባቂ የተረከበውን ማኅተም ትቶ ወደ ጎዳና ከወጣ ኒኬዝ ምን እንዲያደርግ እንደታዘዘ ጠዋት ጮክ ተብሎ ተነቧል፤ ሲነበብም ትሩሶ ከሁሉ አብልጦ አጨብጭቧል።

«ምን ሆነህ ነው ዜጋ?» አለ ኒኬዝ ከታች አንጋጦ።

«አይጥ!»

«የባላባት አይጥ ናት የሕዝብ?»

«ገና አልተለየችም።»

«እንግዲያው ውጣና ለያት።»

ትሩሶ ተመልሶ ወጣ።

ዊግ ሠሪ ነበር። በዚያ ዓመት ፓሪስ ውስጥ «ነበር» ከሚለው ቃል የበለጠ የተትረፈረፈ ነገር አልተገኘም፤ ቄስ የነበረ፣ ዱክ የነበረ፣ ራስ የነበረው። የትሩሶ ደንበኞች በአብዛኛው ከመጨረሻዎቹ ወገን ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ የዱቄት ወናፉን ይዞ በመኳንንት ጭንቅላት ላይ ነጭ ዱቄት ሲነፋ ኖረ፤ አብዮቱ መጣና መጀመሪያ ዱቄቱን ለዳቦ፣ ቀጥሎ ጭንቅላቶቹን ለብሔራዊው ምላጭ፣ ለአንገት መቁረጫው፣ ወሰደበት። የቀረችው ያቺ ወናፍ ብቻ ነች፤ እንደ ሙት ልጅ መታሰቢያ በኮቱ ኪስ ይዟት ይዞራል። የባላባት ጸጉር ያበጠረ እጅ ደግሞ ተጠርጣሪ እጅ ነው፤ ስለዚህ ከመታሰር የምታድነው የታማኝነት ወረቀት የለችውም። ማንም የማይፈልገውን የማኅተም ጠባቂነት «እኔ አለሁ!» ብሎ የተቀበለውም ወረቀቷን ለማግኘት ነው።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። የታሰረ ሰው ቤት ይታሸጋል፤ ከመዝጊያው ወደ መቃኑ የወረቀት ጥብጣብ ይለጠፍና ጫፍና ጫፉ ላይ ቀይ ሰም ፈስሶ በማኅተም ይመታል፤ ጠባቂው በሩ ፊት ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሰሙ ከተሰነጠቀ የጠባቂው አንገት ይከተላል። በቃ።

ዛሬ ጠዋት የታሸገው የኬሚስቱ የባርናቤ ላንዴ መሥሪያ ክፍል ነው። ላንዴ ራሱ ገዳም በነበረ እስር ቤት ተቀምጦ የነገውን ፍርድ ይጠብቃል። ወንጀሉን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን የተነቀለውን የቆርቆሮ ቧንቧ ኮሚቴው ጥራቱን እንዲፈትሽ ሰጠው፤ እሱ በእሳት አንድዶ ነጭ ዱቄት አድርጎ መለሰው፤ ዱቄቱ ሲመዘን ከሰጡት ቆርቆሮ በለጠ። ጎድሎ ቢሆን ሌባ ተብሎ ያበቃ ነበር። በመብለጡ ግን ሴረኛ ተባለ። ጠመኔ ቀላቅሎ፣ እውነተኛውን ቆርቆሮ ለጠላት ጥይት አሳልፎ ሰጥቷል!

ይህን የደረሰበት የኮሚቴው ኮሚሳር ዜጋ ጎቤር ነው። ጎቤር አይብ ነጋዴ ነበር፤ አሁንም ነው፤ ይህ ሰው «ነበር» ያልነካው ብቸኛ የሰፈሩ ሰው ነው። ጠዋት በዚሁ በር ፊት ቆሞ እንዲህ አለ፦

«ሠላሳ ዓመት ሚዛን ላይ ኖሬያለሁ። አይብ ይደርቃል፣ ይቀንሳል። ሰው ይታመማል፣ ይቀንሳል። እሳት ውስጥ ገብቶ ወፍሮ የወጣ ነገር ግን እናቴም አላየች እኔም አላየሁ። ከወፈረ አንድ ሰው አብልቶታል ማለት ነው!»

ከዚያ በሩን ገፋ አደረገ፤ የምድጃው ሽታ ሲመታው አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ፤ ደፍ ላይ እንደቆመ ግራና ቀኝ አየና «ማንም የለም» ብሎ ጻፈ። ትሩሶም «ባዶ ክፍል ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈረመ። ጎቤር ማኅተሙን በገመዱ አንገቱ ላይ አጥልቆ ሸሚዙ ሥር ከተተውና ሄደ።

ባዶው ክፍል አሁን ሁለተኛ ጊዜ አስነጠሰ።

ትሩሶ ተንበረከከ፤ ቀጥሎም ጉንጩን ከወለሉ ጋር አጣበቀ። በሩ ሥር አውራ ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ የሴት ድምፅ።

«እኔ ማለት ማን?»

«ኤዶክሲ ላንዴ። የባርናቤ እህት።»

«የሉም!» አለ ትሩሶ፤ ወዲያው አንቱታ በአዋጅ መቅረቱ ትዝ ብሎት ምላሱን ነከሰ። «የለሽም! ባዶ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ እኮ!»

«ፊርማህ ያማረ ይሁን። እኔ ምድጃው ጀርባ ነበርኩ።»

«ታዲያ ምን አባሽ ይዞሽ አልወጣሽም?»

«ጠርሙሱ ትኩስ ነበር።»

ትሩሶ ዓይኑን ጨፈነ። አንገቱ ሊቆረጥ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ የጠርሙስ ትኩሳት ነው።

ኤዶክሲ በዝግታ አስረዳችው። አንገቱ ረጅም ጠርሙስ ውስጥ ቆርቆሮ ከትታ፣ የጠርሙሱን አፍ በእሳት አቅልጣ ደፍናው፣ ከሰል ላይ ስታነድደው ነው ኮሚቴው ደረጃውን የወጣው። ትኩስ ጠርሙስ ከተነቀነቀ ይፈነዳል። ብትወጣ ደግሞ እሷን ይይዛሉ፣ ጠርሙሱን ይወስዳሉ።

«እነሱ እጅ ከገባ የባላባት መጠጥ ነው ብለው ይደፉታል። የወንድሜ ነፍስ ያለችው እሱ ውስጥ ነው። እነሱ ሲወርዱ ሾልኬ እወጣለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ በሰም ነው የሚዘጉት።»

«በመስኮቱስ?»

«ጎረቤት በምድጃው ሽታ ተማርሮ ባለፈው መከር በጡብ ደፍኖታል።»

ትሩሶ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና መውጫ ቆጠረ። በሩን ቢከፍት ማኅተም ሰባሪ ነው፤ ምላጭ። ሄዶ «ሰው አለ» ቢል ባዶ ነው ብሎ የፈረመ ሐሰተኛ ነው፤ ምላጭ። ዝም ቢል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎቤር የክፍሉን ዕቃ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ሊወስድ ሲመጣ ሴቲቱን ያገኛታል፤ ምላጭ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲላጭ ኖሮ እንዲህ ያለ ባለ ብዙ ስለት መሣሪያ አላየም።

«ትሩሶ» አለ ድምፁ፤ ቀጥኗል። «ራሴን እያመመኝ ነው።»

«እኔንም!»

«የአንተ ከፍርሃት ነው። የእኔ ከከሰሉ ነው። በሩ ሲዘጋ ጭስ ማውጫው መሳብ አቆመ። ከሰሉን በአመድ አፍኜዋለሁ፤ መጥፎው አየር ግን መሄጃ የለውም። ሻማዬ ራሷ እያነሰች ነው።»

«ተይ እባክሽ። አትሙቺ። ከሞትሽማ ሬሳ አስገባህ ይሉኛል!»

«ለእኔ ስትል እንኳ ባይሆን ለራስህ ስትል አየር ስጠኝ።»

አየር እንዴት ይሰጣል? ትሩሶ መጀመሪያ በአፉ ነፋ፤ ጉንጩ እስኪቀላ ነፍቶ ያስገባው የሽንኩርት ሽታ ብቻ ሆነ። ከዚያ እጁ ሳያማክረው ወደ ኮቱ ኪስ ገባና ወናፏን አወጣ። አፏ ቀጭን ነው፤ በክፍተቷ ልክ ገባ። ጨመቅ፣ ለቀቅ፤ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ውስጥ የማስነጠስ መዓት ወረደ።

«ምንድነው ይሄ?»

«የሩዝ ዱቄት ነው። ከአንዲት ዱሼስ የተረፈ።»

«ዱሼሷስ?»

«እሷ አልተረፈችም።»

ከበሩ ወዲያ ሳቅ መሳይ ነገር ተሰማ። ፊቷን ክፍተቷ ላይ አድርጋ መሆን አለበት፤ ትንፋሿ ጣቱን ነካው። እጁ እየዛለ እንኳ አላቆመም፤ ሲያቆም ዝም ትላለች፣ ዝም ስትል ያስፈራዋል። ስለዚህ አወራት።

«ወንድምሽ ግን ጠመኔ አልጨመረም?»

«ትሩሶ፣ ዱቄት ስትነፋ የት ይሄዳል?»

«ጸጉር ላይ።»

«ጸጉር ላይ ያላረፈውስ?»

«ትከሻ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ቡችላው ላይ፣ የእኔ ሳንባ ውስጥ።»

«ጠፍቶ የቀረ አለ?»

«ቢጠፋማ ሚስቴ በመጥረጊያ ባላባረረችኝ!»

«አየርም እንደዚያው ነው፤ ከዱቄትህ የደቀቀ፣ የማይታይ ቅንጣት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ቆርቆሮ ሲነድድ የአየሩን ቅንጣት እየለቀመ ይለብሰዋል፤ ዊግ ያጠልቃል በለው። የከበደው ለዚህ ነው። ወንድሜ ምንም አልጨመረም። በተደፈነ ጠርሙስ ውስጥ ግን የሚገባም የሚወጣም የለም፤ ቆርቆሮው የቱንም ያህል ይንደድ፣ የጠቅላላው ክብደት ያው ነው። አፉን ስሰብረው ግን፣ ቆርቆሮው በበላው አየር ፋንታ የውጭ አየር ፉት ብሎ ይገባል፤ ያን ጊዜ ይከብዳል። ሚዛኑ እዚህ አለ። ዓይን ያለው ያየዋል።»

«ጎቤር ያለው አፍንጫ ነው፤ ዓይን የለውም።»

መልስ አልመጣም። «ኤዶክሲ?» ብሎ በሩን በጥፍሩ ቧጠጠ። «ዜጋ ኤዶክሲ! እመቤቴ!» አዋጁን ረሳው። በሁለት እጁ ጨመቀ፤ ወናፏ እንደታመመ ውሻ አለከለከች። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ገባው፤ በሴቲቱ ሒሳብ ከዚህ ክፍል ምንም አይጎድልም፤ ሬሳዋ እንደሷ ይመዝናል፤ ሚዛን ላይ የማትወጣው አንዷ ነገር ብቻ ናት የምትሄደው። ስለ ራሱ አንገት ሳያስብ የነፋው ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው።

«አለሁ» አለች በመጨረሻ። «አታቁም።»

ከደረጃው የጫማ ድምፅ ሲመጣ ትሩሶ ላብ አጥምቆት ነበር። ዘልሎ ተነሳ። ጎቤር ወገቡን ባለ ሦስት ቀለም መቀነት ታጥቆ፣ ኒኬዝን ከነጦሩ አስከትሎ ብቅ አለ።

«ምንድነው የያዝከው?»

«ወናፍ ነው ዜጋ ኮሚሳር። ማኅተሙን አቧራ እንዳይደፍረው እያራገፍኩ።»

«አየህ ኒኬዝ!» አለ ጎቤር። «ንቃት ማለት ይህ ነው። አንተ ታች ቆመህ አፍንጫህን ትጎረጉራለህ።»

የራሱን ማኅተም ከሸሚዙ ሥር አውጥቶ ከሰሙ ጋር አንድ በአንድ አስተያየ። ጥብጣቡን ዳሰሰ፣ አሸተተ፤ አይብ ቢሆን ኖሮ ይቀምሰውም ነበር። «ማኅተሙ ሳይነካ ተገኝቷል» ብሎ በራሱ እጅ ጻፈ፤ ፈረመ፤ ትሩሶንም አስፈረመ። ከዚያ ሰሙን ሰበረና በሩን ገፋ።

ኤዶክሲ ላንዴ ከደፉ አጠገብ ወለል ላይ ተቀምጣለች፤ ከግንባሯ እስከ ጉልበቷ ድረስ ነጭ ናት።

«መንፈስ!» ብሎ ጮኸ ኒኬዝ።

«መንፈስ በአዋጅ ቀርቷል!» ብሎ ጎቤር የባሰ ጮኸ፤ ዞሮም የትሩሶን ኮሌታ አነቀ። «አንተ የባላባት ማበጠሪያ! አስገባሃት!»

የኒኬዝ ጦር የትሩሶ ጉሮሮ ላይ አረፈ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ትሩሶ መናገር ፈልጎ ማንቁርቱ ብረቱን ስለነካው ተወው።

ኤዶክሲ በሩ ሲከፈት የገባውን አየር እንደ ውሃ ጠጣች፤ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች። «ውሰዱን» አለች። «ከመውሰዳችሁ በፊት ግን ይህን ጠርሙስ መዝን። ወይስ አይብ ነጋዴ ሚዛን ይፈራል?»

«እኔ? ሚዛን?»

«ያውም ያልተቀሸበ ሚዛን።»

ኒኬዝ ሳቁን ዋጠ። ጎቤር ኮሌታውን ለቀቀ። ሌላ ስድብ ሁሉ ይችላል፤ ይቺን ግን ሰፈሩ ውስጥ እየሳቀ የሚያወራት ኒኬዝ ቆሞ እየሰማ ማለፍ አይችልም። ወደ ሚዛኑ ቀረበ። «መስታወት ቤት ውስጥ የሚኖር ሚዛን! ባላባት ሚዛን ነው» አለና ቢሆንም እጁን ጠርጎ ጠርሙሱን ራሱ አስቀመጠ፤ ጥቃቅኑን መመዘኛ ራሱ ደረደረ፤ መርፌው ከመካከል እስኪቆም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። እንዴት እንደሚመዘን ያውቃል፤ ይህን ማንም አይነሳውም።

ኤዶክሲ ጠርሙሱን ሳታነሳ የአንገቱን ጫፍ በሞረድ ነካ አድርጋ ሰበረች፤ ስባሪዋንም እዚያው ሰሐኑ ላይ አኖረች። «ፉት» አለ ጠርሙሱ፤ የተጠማ ሰው የመጀመሪያ ጉንጭ ያህል። መርፌው ተንቀጠቀጠ፤ የጠርሙሱ ሰሐን ቀስ ብሎ ወረደ።

ጎቤር ሰሐኑን ከሥር አየ። መስታወቱን ዞረው። «ማን ነካው?»

«ማንም» አለች። «አየር ገባ። ቆርቆሮው በልቶት የነበረውን የሚተካ። የወንድሜ ዱቄት የከበደው በዚሁ ነው። ምንም ከምንም አይመጣም ዜጋ ጎቤር፤ ምንም ወደ ምንም አይሄድም።»

መጥፎው ነገር ጎቤር ሞኝ አለመሆኑ ነው። ገባው። ትሩሶ ከጦሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲገባው አየው፤ ቀይ ፊቱ እንደ ትኩስ አይብ ነጣ። የገባው ሳይንሱ ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ ሰው መክሰሱ፣ ስህተቱ ነገ ፍርድ ቤት ፊት ሊገለጥ መሆኑ፣ ሐሰተኛ ከሳሽ ምን እንደሚደረግ ጭምር ነው። እጁ ጠርሙሱን ከሚዛኑ አንስቶ ከፍ አደረገው።

«ይህ ጠርሙስ አልነበረም» አለ። «ይህቺን ሴት ጠባቂው አስገባት። ኒኬዝ፣ እሰራቸው።»

ጠርሙሱ ሊወረወር ነው። ትሩሶ በዕድሜው ደፋር ሆኖ አያውቅም፤ አሁንም ደፋር አልሆነም፤ ብቻ የሚሸሽበት ጎን አለቀበት።

«ዜጋ ጎቤር» አለ፣ አገጩን ከብረቱ በላይ አንጋጦ። «በምን አስገባኋት?»

«በበሩ ነዋ!»

«ሰሙን ሰብሬ?»

«ሰብረህ! መልሰህ ለጠፍከው!»

«በማን ማኅተም?»

የጎቤር ነፃ እጅ ወደ ደረቱ ሄደ። ገመዱ አለ። ማኅተሙ አለ።

«አንገትህ ላይ ነው የዋለው» አለ ትሩሶ። እንደ ወናፏ አላቆመም። «'ሳይነካ ተገኝቷል' ብለህ አሁን ጽፈሃል፤ ቀለሙ አልደረቀም። እንግዲህ ሁለት ነገር ነው ያለው። ወይ ጠዋት ውስጥ ነበረች፤ ያኔ ደፍ ላይ ቆመህ 'ማንም የለም' ያልከው አንተ ነህ፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ወደ ምላጩ በአንድ ጋሪ ነው የምንሄደው። ወይ ደግሞ ማንም ሳያስገባው በታሸገ በር የሚገባ ነገር አለ። ያም ከሆነ ላንዴን ቆርቆሮው ላይ ጨምረሃል ብለህ እንዴት ትከሰዋለህ?»

ኒኬዝ ጦሩን ዝቅ አደረገ፤ ማንን እንደሚወጋ ግራ ገብቶታል።

«እኔ መንፈስ ነች ብዬ ብመሰክርስ?» አለ ለመርዳት።

«ዝም በል!» አሉት ሦስቱም በአንድ አፍ።

ጎቤር ጠርሙሱን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ግንባሩን አሸ። ከዚያ እንደ ነጋዴ ጠየቀ፦

«ይህ ወደ ቆርቆሮው የገባው አየር፣ የት ያለ አየር ነው?»

«እዚሁ ያለ» አለች ኤዶክሲ።

«የሰፈራችን አየር። ማለት የሕዝብ አየር።» ብዕሩን ነከረ። «እንዲህ እንላለን፦ ቆርቆሮው የበለጠው የሰፈሩ አየር ለአገር መከላከያ የበኩሉን ስላዋጣ ነው። ዜጋ ላንዴ አዋጪውን ለመግለጥ ዘግይቷል እንጂ አልደበቀም፤ ተመክሮ ይለቀቅ። እህቱ ሚዛን እንድታሳየኝ ዛሬ ከሰዓት ከእኔ ጋር ገብታለች። ከእኔ ጋር። ሰማችሁ?»

«ሰማን።»

ፈረሙ። ጎቤር፣ ትሩሶ፣ ኤዶክሲ። ኒኬዝ መጻፍ ስለማይችል መስቀል ሊያደርግ ሲል ጎቤር «መስቀልም ቀርቷል!» ብሎ እጁን ያዘው፤ በመስቀል ፋንታ ክብ አደረገ።

«መቼ ይፈታል?» አለች።

«ነገ ጠዋት ራሴ ሄጄ አወጣዋለሁ።»

«ባታወጣውስ?»

«ትናገሪያለሽ። ከተናገርሽ እኔ እሄዳለሁ፤ እኔ ከሄድኩ ይሄ ዊግ ሠሪ ይከተላል፤ እሱ ዝም አይልም፣ አንቺን ይጠራል።» ጎቤር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ የሚያምር ፈገግታ አልነበረም። «ከዚህ በኋላ ማናችንም ካልጎደልን ሁላችንም አለን።»

በሩን ዘግተው ወጡ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ለአንድ ሰው የተሠራ። ጎቤር «ቅደሙ» አለ። ትሩሶ «ኧረ አንተ ቅደም ኮሚሳር» አለ። ኤዶክሲ ማንንም ከኋላዋ ማስቀረት አልፈለገችም፣ ማንንም ከፊቷ ማምለጥ አልፈቀደችም። በመጨረሻ ሦስቱም ጎን ለጎን ገቡ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ የሩዝ ዱቄት እርስ በርስ እየተቀባቡ፣ በአንድ ደረጃ ላይ ለስድስት እግር ቦታ እየፈለጉ ወረዱ። መታጠፊያው ላይ ተቀረቀሩ።

«ጠጋ በሉ» አለ ጎቤር።

ማንም አልተጠጋም።

ኒኬዝ ከላይ ጦሩን ተደግፎ አያቸው። «ወዴት ናችሁ?»

«ወደ እኔ ሱቅ» አለ ጎቤር ሳይዞር። «እንግዶቼ ናቸው።»

«እስከ መቼ?»

ሦስቱም መልሱን አንዳቸው ከሌላቸው ጠበቁ።